«ተከተይኝ» እና «ጠብቂ»

በዚህች መጽሔት ስለ ኮንትራት፣ ስለ ደመወዝና ስለ ናፍቆት ብዙ ተጽፏል፤ እኔም አንብቤ ተጽናንቻለሁ። ዛሬ የማነሣው ግን መጀመሪያ ቀልድ ሊመስላችሁ ይችላል። ስለ ጌም ነው። አዎ፣ ያ የአሠሪዎቻችን ልጆች ሳሎን ተዘርግተው የሚጫወቱት፣ እኛ ደግሞ በዙሪያቸው የቺፕስ ፍርፋሪ የምንለቅምበት ጌም። ጥያቄዬ ግን የምር ነው፦ አንዲት ሴት ስለጠቀመች ብቻ ብትወደድ፣ ተከበረች ይባላል ወይ?

የምሠራው አማን፣ ኡም ኡዘይና ነው፤ ከስድስተኛው ዱዋር ብዙ አይርቅም። ቤቱ ውስጥ ሁለት ወንዶች ልጆች አሉ። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው፣ ትንሹ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ማታ ማታ የታጠበውን ልብስ ሳሎን ይዤ እመጣና እያጠፍኩ ሲጫወቱ አያለሁ። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስለሆነ፣ የቱርክ ድራማ የምትከታተል ሴት እንኳ የእኔን ያህል ታሪክ አላየችም። ንግግሩ ከሥር በእንግሊዝኛ ይጻፋል። በአሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ የቻልኩትን አነባለሁ፣ የከበደኝን ትልቁ ልጅ በዓረብኛ ያስረዳኛል።

ጌም ለማታውቁ አሠራሩ እንዲህ ነው። ልጁ በእጁ የያዘውን ማጫወቻ ቁልፍ እየተጫነ አንድ ሰው ይነዳል። በጦርነትና በጀብዱ ጌሞች ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው፤ ይሮጣል፣ ይተኩሳል፣ ግድግዳ ይዘላል። አጠገቡ ግን ብዙ ጊዜ አንዲት ሴት ትኖራለች። እሷን የሚነዳት ልጁ ሳይሆን ኮምፒዩተሩ ነው። አብራው ትሄዳለች፣ ታወራዋለች፣ ትረዳዋለች። እኔ «አጃቢ» እላታለሁ። ዓይኔ ሁልጊዜ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር ያለብኝ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ያየኋት አሽሊ የምትባለውን ነው። ጌሙ «ሬዚደንት ኢቭል 4» ይባላል፤ የጃፓኑ ካፕኮም በ2005 ያወጣው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አሽሊ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ልጅ ናት። ታፍና ወደ ስፔን ገጠር ተወስዳለች፤ ሊዮን የሚባል ሰው ሊያስመልሳት ይላካል። ካገኛት በኋላ ተጫዋቹ እሷን የሚያዝበት ቁልፍ አለው። ሲጫነው «ጠብቂ» ይላታል፣ ትቆማለች። እንደገና ሲጫነው «ተከተይኝ» ይላታል፣ ትከተላለች። አንዳንድ ቦታ ትልቅ የቆሻሻ ገንዳ አለ፤ ግቢና ተደበቂ ካላት ትገባለች፣ እስኪጠራት ድረስም እዚያው ትቆያለች። ጠላት ትከሻው ላይ ጭኖ ይዟት ከሄደ ጨዋታው አለቀ።

ብዙ ተጫዋቾች አሽሊን አልወደዷትም። «ታስቸግራለች» ነው የሚሏት። ካፕኮም ይህንኑ ጌም በ2023 እንደ አዲስ ሠርቶ ሲያወጣው አሽሊ ተሻሽላ መጣች፤ ድፍረቷም ንግግሯም ጨምሯል። ትእዛዙም ተለውጧል፤ አሁን «ጠብቂ» ቀርቶ «ቅረቢ» ወይም «ራቅ በዪ» ነው የምትባለው። ደህና፣ ይሻላል። ቁልፉ ግን አሁንም ያለው በሌላ ሰው እጅ ነው።

በመሀሉ ጌም ሠሪዎች ተጫዋቹን የማታስቸግር አጃቢ እንዴት እንደምትሠራ ብዙ አስበዋል። ከሁሉ የተሳካላቸው «ባዮሾክ ኢንፊኒት» የሚባለው፣ በ2013 የወጣው ይመስለኛል። ኤሊዛቤት የምትባል ወጣት አለች፤ ሰማይ ላይ በምትንሳፈፍ ከተማ፣ ግንብ ውስጥ ተቆልፎባት ያደገች። ቡከር የሚባለው ዋናው ሰው ሊያወጣት ይመጣል። በውጊያው መሀል እሷን መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ራሷን እንደምትጠብቅ ጌሙ ራሱ ይነግረዋል። ጥይት ሲያልቅበት ጥይት ትወረውርለታለች። ሲቆስል መድኃኒት ትወረውርለታለች። የወዳደቀ ገንዘብ ለቅማ ትሰጠዋለች። የተቆለፈ በር ትከፍትለታለች። ተጫዋቾች በጣም ወደዷት። የእኛ ቤት ትንሹ ልጅም «ይቺ እንደ አሽሊ አይደለችም፣ አታስቸግርም» አለ።

ይህን ቃል አውቀዋለሁ። ማዳም እንግዳ ሲመጣ ስለ እኔ የምትለው ይህንኑ ነው፦ «አታስቸግርም። ሳልነግራት ታውቃለች።» ማዳም ደግ ሴት ናት፣ የምትለውም ምስጋና ነው። ደስ አይለኝም ብል ውሸት ነው። ግን እስቲ ቃሉን ፈታ አድርጋችሁ እዩት። ስለ ማን ነው የሚናገረው? «አታስቸግርም» ማለት «እኔ አልተቸገርኩም» ማለት ነው። ስለ ተናጋሪዋ እረፍት ይናገራል እንጂ ስለ እኔ ምንም አይልም። ምን እንደምወድ፣ ምን እንደሚያስቀኝ፣ ማታ ከመተኛቴ በፊት ምን እንደማስብ አይልም።

አሽሊ ተጠላች፣ ኤሊዛቤት ተወደደች። የተመዘኑበት ሚዛን ግን አንድ ነው፦ የሚጫወተው ሰው ምን ያህል ተመቸው? አሽሊ በዚያ ሚዛን ወደቀች፣ ኤሊዛቤት አለፈች። ሚዛኑን ራሱን የጠየቀ የለም።

ስለዚህ «አጃቢዋ ሴት ጠንካራ ትሁን፣ መሣሪያ ትያዝ፣ ያኔ ትከበራለች» ከሚሉት ጋር አልስማማም። ጠንካራ መሆን መልካም ነው። ግን እኔ የሳሎኑን ምንጣፍ ብቻዬን ተሸክሜ ሰገነት ላይ ስለማወጣ የቤቱ ሰው ሆንኩ ማለት አይደለም። ጉልበቷ ሁሉ ለሌላ ሰው ጉዳይ ብቻ የሚውል ሴት፣ ጉልበቷ በጨመረ ቁጥር የሚጨምረው የዚያ ሰው ምቾት ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። በዚያው በ2013 ኖቲ ዶግ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት «ዘ ላስት ኦፍ አስ» የሚለውን ጌም አወጣ። ዓለም በበሽታ ከፈራረሰች በኋላ ያለ ታሪክ ነው። ኤሊ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ጆል የሚባል ጎልማሳ ረጅም መንገድ ያደርሳታል። ጆል ከጠላት ተደብቆ፣ ግድግዳ ተለጥፎ ሲሄድ፣ ኤሊ አንዳንዴ በጠላቶቹ ፊት ለፊት ሮጣ ታልፋለች። አያዩዋትም። እኔ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ትልቁ ልጅ ግን ሆን ተብሎ ነው አለኝ። በእሷ ምክንያት ጠላት ቢነቃ ተጫዋቹ ባላጠፋው ጥፋት ተያዘ ማለት ነው፤ ይናደዳል። ስለዚህ ጆል ተደብቆ ሳለ ጠላት እሷን እንዳያያት አድርገው ሠሯት።

ሠሪዎቹን አልወቅስም፤ ምክንያታቸው ይገባኛል። ግን ግብዣ ባለበት ማታ፣ ሰው በሞላበት ሳሎን መሀል የሻይ ትሪ ይዛችሁ ያለፋችሁ እህቶቼ ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል። ትሪው ይታያል፤ የያዘችው አትታይም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ጌም ሁለት አንደበት አለው። አንዱ ታሪኩ ነው፤ ልጁ ማጫወቻውን አስቀምጦ እንደ ፊልም የሚያየው። ሁለተኛው ጨዋታው ነው፤ ቁልፍ ሲጫን የሚሆነው። ስለ አጃቢዋ ሴት ታሪኩ አንድ ነገር ይላል፣ ጨዋታው ሌላ ይላል።

ኤሊዛቤትን እንመልከት። በታሪኩ ቡከር ዕዳ አለበት፤ ልጅቷን ካመጣ ዕዳው እንደሚሰረዝለት ተነግሮታል። (ዕዳና ሴት ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲመጡ ለእኛ አዲስ አይደለም።) ኤሊዛቤት ግን የራሷ ምኞት አላት፤ ፓሪስን ማየት ትፈልጋለች። ቡከር ፓሪስ እወስድሻለሁ ይላትና የሚበርረውን መርከብ ወደ ኒው ዮርክ ያዞረዋል። ስታውቅ ታለቅሳለች። ከዚያ በመፍቻ ጭንቅላቱን ትመታውና ታመልጣለች። እኔ «አበጀሽ!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ፤ ልጆቹ ምን እንዳልኩ ሳይገባቸው ሳቁ።

ያ ታሪኩ ነው። እንደገና ከተገናኙ በኋላ ግን ውጊያው ይቀጥላል፣ ጥይት ማቀበሏም ይቀጥላል። ባደረገው ነገር ብታዝንም፣ ብትፈራውም፣ ጥይት ሲያልቅበት ትወረውርለታለች። ቁልፉ ሲጫን ፓሪስ የለም። ታሪኩ ነፃ አወጣት፣ ጨዋታው መልሶ ቀጠራት። እኔ አንድን አጃቢ ለመመዘን የምትናገረውን ብቻ አላይም፤ ውጊያው ሲጀመር ምን እንድታደርግ እንደተደረገች ነው የማየው። ሰውም እንደዚሁ ነው። «እንደ ልጃችን ናት» የሚለው ቃል የሚፈተነው እንግዳ ፊት ሳይሆን «ዛሬ አሞኛል» ያልሽ ቀን ነው።

ትልቁ ልጅ በዚህ ተከራክሮኛል። «ሰው አይደለችም፣ ኮምፒዩተር ናት። ማንም አልተጎዳም። ደግሞ እምቢ የምትል አጃቢ ያለችበትን ጌም ማን ይገዛል?» አለኝ። እውነት አለው። ኤሊዛቤት አይርባትም፣ እግሯ አያብጥም። ጌም የተጫወተ ልጅ ይበላሻል ማለቴም አይደለም፤ ትልቁ ልጅ ራሱ ጨዋ ነው፣ የበላበትን ሳህን ያነሣል። እኔ የምጠይቀው ስለ ኤሊዛቤት ጉዳት ሳይሆን ስለ እኛ ደስታ ነው። አንዲት ሴት ሳትጠየቅ፣ ሳይደክማት፣ ምንም ሳትፈልግ ስትሰጠን ለምን ደስ ይለናል? ያ ደስታ ከምን እንደተሠራ ማወቅ፣ ቴሌቪዥኑ ከጠፋ በኋላም ይጠቅማል።

«ማን ይገዛል» ለሚለው ግን መልስ የሰጠኝ የልጆቹ አጎት ያመጣው የድሮ ጌም ነው። «ኢኮ» ይባላል። በ2001 በሶኒ ወጣ፤ ኃላፊ ሆኖ የሠራው ፉሚቶ ኡዌዳ የሚባል ጃፓናዊ ነው። ኢኮ ቀንድ ይዞ በመወለዱ ሰዎች ፈርተውት ባዶ ግንብ ውስጥ የዘጉበት ልጅ ነው። እዚያ ዮርዳ የምትባል ልጅ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ታስራ ያገኛል። ቋንቋዋን አያውቅም። የሚመለከተው ሰውም አያውቅም፤ ከሥር የሚጻፈው ሊነበብ የማይችል ምልክት ነው። ኢኮ እጇን ይዞ ይሮጣል። ተጫዋቹ ቁልፉን ሲለቅ እጇ ይለቀቃል፤ ርቆ ከሄደ ጥላ የመሰሉ ፍጥረቶች መጥተው ይወስዷታል።

መጀመሪያ ሳየው ያው አሽሊ ናት አልኩ። አይደለችም። በግንቡ ውስጥ ያሉትን የታተሙ በሮች የምትከፍተው እሷ ናት፤ ያለ እሷ ኢኮ የትም አይደርስም። በመጨረሻም ኢኮ ራሱን ስቶ ሲወድቅ፣ ግንቡ እየፈረሰ፣ ተሸክማ ጀልባ ላይ የምታስቀምጠው እሷ ናት። ከሁሉ የነካኝ ግን ሌላ ነው። አጎትዬው በያዘው እትም፣ ጌሙን ጨርሶ ከመጀመሪያው እንደገና ሲጀምር የዮርዳ ንግግር ተተርጉሞ ይጻፋል። ያ ሁሉ ትርጉም የሌለው የመሰለው ድምፅ ለካ ንግግር ነበር። እሷ ስትናገር ነበር፤ እኛ ነን ያልሰማነው።

ዮርዳኖስ በመጣሁባቸው የመጀመሪያዎቹ ወራት የማውቀው ዓረብኛ «አይዋ» እና «ላእ» ነበር። «ዝምተኛ ናት» ይሉኝ ነበር። ዝምተኛ አይደለሁም፤ ወንድሞቼን ጠይቁ። በሆዴ ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ሙሉ ቀልድ፣ ሙሉ ቁጣ ነበር። እና «ኢኮ» እምቢ የምትል አጃቢ ባይኖረውም አንድ ነገር አስተምሮኛል፦ አጃቢዋን የራሷ ነገር ያላት ሰው አድርጎ መሥራት ይቻላል፤ ሰው ደግሞ ይህን ከስንት ዓመት በኋላም ፈልጎ ይጫወታል።

ነገሩን በፈረንጅና በጃፓን ብቻ አላላክክም። የእኛም ታሪክ አጃቢ አላት። ንግሥተ ሳባ ወደ ኢየሩሳሌም ስትሄድ ደንገጡሯ አብራት ነበረች። ሲተረክ እንደሰማነው ሰሎሞን ከንግሥቲቱ ምኒልክን ወለደ፣ ከደንገጡሯም ሌላ ወንድ ልጅ ወለደ፤ የዛጔ ነገሥታትን ዘር ከዚያ ልጅ የሚቆጥሩ አሉ። በተርታ በሚሳለው የንግሥተ ሳባ ሥዕል ላይም ደንገጡሯ ትታያለች። የንግሥቲቱን ስም ሁላችንም ማክዳ እንላለን። የደንገጡሯን ስም ሲጠራ የሰማ ማን ነው? ያን ሁሉ በረሃ አቋርጣለች፣ ልጅ ወልዳለች፤ እሷ መሄድ ፈልጋ እንደሆነ ግን አልተነገረንም።

አሁን ወደ ኤሊ ልመልሳችሁ፤ መልሴን ያገኘሁት እሷ ጋ ነውና። በጌሙ መሀል፣ በበረዶ ወቅት፣ ጆል ክፉኛ ይቆስላል። ያኔ ቁልፉ ወደ ኤሊ ይዞራል፤ ተጫዋቹ እሷን መንዳት ይጀምራል። አጋዘን ታድናለች፣ ለጆል መድኃኒት ታፈላልጋለች። እና ልብ በሉ፣ አሁን ጠላት ያያታል። ያቺው ልጅ ናት። ያልታየችው ትንሽ ስለሆነች ሳይሆን ጉዳዩ የእሷ ስላልነበረ ነው።

መጨረሻው ደግሞ እንዲህ ነው። ኤሊን በሽታው አይዛትም። ሐኪሞቹ ከእሷ መድኃኒት ለማግኘት አንጎሏን ሊከፍቱ ይወስናሉ፤ ያ ማለት ትሞታለች። እሷ ራሷን ስታ ተኝታለች። ጆል ይህን ሲሰማ ገድሎ፣ ተሸክሟት ይወጣል። ስትነቃም የሆነውን አይነግራትም፣ ይዋሻታል። በዚያ ማታ ሳሎን ውስጥ ትልቅ ክርክር ሆነ። ትንሹ «ጆል ትክክል ነው፣ እንደ ልጁ ይወዳታል» አለ። ትልቁ «ዓለም ሁሉ ይድን ነበር» አለ። ሁለቱም የሚያሳምን ነገር ተናገሩ። እኔ ግን «እሷን ማን ጠየቃት?» አልኩ። ሁለቱም ዝም አሉ። ዓለምን ማዳን የፈለጉት አልጠየቋትም። የወደዳትም አልጠየቃትም። በ2020 በወጣው ሁለተኛው ክፍል ኤሊ እውነቱን ስታውቅ ጆልን ትቆጣዋለች፣ ትርቀዋለች። እኔ ቁጣዋን የተረዳሁት እንዲህ ነው፦ ሕይወቷ ምን ላይ እንደሚውል ሌላ ሰው ወሰነባት።

ስለዚህ ለጥያቄዬ መልሴ ይህ ነው። መጥቀም ክብር አይደለም። መወደድም ብቻውን ክብር አይደለም፤ ዕቃም ይወደዳል። ክብር መጠየቅ ነው፤ ጠይቆም መልሱን መቀበል ነው፣ መልሱ «አይ» ቢሆንም።

«ይሄማ የጌም ጸሐፊዎች ጉዳይ ነው» እንዳትሉኝ። የእኛም ኑሮ የተጻፈ ነው። የዮርዳኖስ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኛን ያቀፈው በ2008 ተሻሽሎ ነው። በ2009 የወጣው ደንብ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት ሰጠን፤ ያው ደንብ ግን ሠራተኛዋ ከቤት ለመውጣት የአሠሪዋን ፈቃድ እንድትጠይቅ ያደርግ ነበር። በ2011 ይህ ተሻሻለ። «ጠብቂ» የሚለውን ቁልፍ አንድ ሰው ጽፎት ነበር፣ ሌላ ሰው ቀየረው ማለት ነው። በወረቀት የተቀየረው በየቤቱ ሁሉ እንዳልተቀየረ እናውቃለን። ግን የተጻፈ ነገር እንደሚሻሻልም አየን።

የእኔ ኮንትራት በዚህ ዓመት ያልቃል። ማዳም ለእህቷ በስልክ «እሷማ ትቆያለች፣ እንደ ልጃችን ናት» ስትል ሰማሁ። እናቴ ደግሞ ደውላ «ልጄ፣ ሁለት ዓመት ጨምሪ፤ ታናሽሽ ትምህርቱን ይጨርስ» አለችኝ። ሁለቱም ይወዱኛል፤ አልጠራጠርም። «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» ያለችኝ ግን የለችም። ስለዚህ ሳልጠየቅ ተናገርኩ። ለማዳም ቁጭ ብዬ አንድ ዓመት ብቻ እንደምጨምር፣ ከዚያ አገሬ ገብቼ ልብስ ስፌት እንደምማር ነገርኳት። ለእናቴም ያንኑ ነገርኳት። እናቴ አለቀሰች፤ እስካሁንም በዚህ አልተስማማንም። ማዳም ትንሽ ዝም አለችና «ምን ዓይነት ልብስ ነው መስፋት የምትፈልጊው?» አለችኝ። በአራት ዓመት ውስጥ ስለ ሥራ ያልሆነ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ነው። የሐበሻ ቀሚስ አልኳት፤ ምን እንደሚመስል በስልኬ አሳየኋት።

እህቶቼ፣ እናንተም ሳሎን ውስጥ ልብስ ስታጥፉ ወይም ሻይ ስታቀርቡ ልጆቹ እንዲህ ያለ ጌም ሲጫወቱ ካያችሁ አንድ ነገር ጠይቋቸው፦ «ይቺ ልጅ ራሷ ምን ትፈልጋለች?» የእኛ ቤት ትንሹ መጀመሪያ «ምንም» ይል ነበር። ኋላ ላይ ማሰብ ጀመረ። አሁን አዲስ ጌም ሲከፍት ቀድሞ እሱ ነው የሚጠይቀኝ፤ መልስ የማይገኝላት አጃቢ ስትመጣም «ይቺን በደንብ አልጻፏትም» ይላል። ይህ ልጅ ነገ አሠሪ ይሆናል፣ ባል ይሆናል፣ ምናልባትም ደንብ የሚጽፍ ሰው ይሆናል። ጥያቄውን ከአሁኑ ቢለምደው ጥሩ ነው።

በሰላም ያገናኘን።